ሰመራ፣ ጋምቤላ፣ ድሬ፦ ሙቀቱ ሲለያይ ዘዴውም ይለያያል

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ሰኔና ሐምሌ ለእኔ ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። ሙያዬ ግን ቅየሳ ነው። መንገድ ወደሚሠራበት እየተከተልኩ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ቆላ አሳለፍኩ። መጀመሪያ ሰመራ፣ ከዚያ ጋምቤላ፣ አሁን ድሬዳዋ። ሦስቱም ሞቃት ይባላሉ። ኑሯቸው ግን አይገናኝም። ሰመራ ላይ ያቆመኝ ዘዴ ጋምቤላ ላይ ምንም አልፈየደልኝም። ለሥራ ወደ ቆላ የሚወርደው ደገኛ ብዙ ነው። የሚሰጠው ምክር ግን ሁልጊዜ ያው "ውሃ ጠጣ" ነው። ያ ብቻ አይበቃም።

ከሰመራ ልጀምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋው በዝናብና በብርድ ሲጨማደድ እዚያ ሙቀቱ ይበረታል። ሰኔ ላይ ከ40 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም። በዚያው ክልል ወደ ሰሜን ዳሎል አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ የተመዘገበበት ቦታ ነው። አማካይ ማለት እንግዲህ ሌሊቱም፣ ቀዝቀዝ የሚሉት ወራትም ተደምረው ነው።

የሰመራ ሙቀት ደረቅ ነው። ላብ ገና ከመውጣቱ ይተናል። ሰው "አላላበኝም" ብሎ ይዘናጋል። ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ግን ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር ተሠርቶ ያገኘዋል። ያን ሁሉ ውሃ ሳያውቀው አጥቷል። ስለዚህ ጥማትን መጠበቅ አያዋጣም። እኛ በየሃያ ደቂቃው አንድ ብርጭቆ እንጠጣ ነበር፤ ጠማንም አልጠማንም። ሽንት ወደ ጥቁር ቢጫ ካደላ ውሃው አልበቃም ማለት ነው። ብዙ ሲያልብ ደግሞ ጨውም አብሮ ይወጣል። ኦአርኤስ (የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ከፋርማሲ ገዝቶ መያዝ ነው። ከጠፋም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። ስኳሩንም ጨውንም ለክቶ ነው እንጂ በግምት አይደለም።

ደረቅነቱ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የመጠጥ ውሃችንን ጀሪካን በጆንያ ጠቅልለን፣ ጆንያውን አርሰን፣ ንፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ እንሰቅለው ነበር። ፍሪጅ ሳይኖር ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣል። አንገት ላይ የረጠበ ሻሽ መጠምጠምም እንደዚያው ነው። ልብስ ደግሞ ሰፊና እጅጌው ረጅም መሆን አለበት። አየሩ ከገላችን በላይ ሲግል ራቁት መሆን ሙቀቱን ማስገባት ነው። ቬንቲሌተርም በዚያ ሰዓት ደረቅ ገላ ላይ ሲነፋ የሚያመጣው የጋለ አየር ነው። ገላን አርሶ ፊቱ መቀመጥ ግን ነፍስ ይዘራል።

ሮቶ ውስጥ ያለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ለሻይ የተጣደ ይመስላል። የእኛ ቤት ሕግ ባልዲዎቹን ጎሕ ሳይቀድ ሞልቶ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ቀን የምንታጠበው በዚያ ነው።

ሰዓት ላይ የነበረውን ክርክርም ልናገር። ኃላፊዎች ቀኑን ሙሉ እንድንሠራ ይፈልጉ ነበር። እኔ የተከራከርኩት በጤና ብቻ አይደለም። ረፋድ ላይ መሬቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር መርገብገብ ይጀምራል። በመሣሪያው ሌንስ ሲታይ የስታፉ፣ ማለትም ከፍታ የሚነበብበት ባለ ቁጥር ዘንግ፣ ቁጥሮች ይጨፍራሉ። ያን ጊዜ የተነበበ ከፍታ አያስተማምንም። ይሄ ሥራውን ራሱን ይነካል፤ ስለዚህ ሰሙኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥተን 4 ሰዓት ላይ መሣሪያውን እናነሳለን። ቀትሩን ጥላ ውስጥ ሆነን ስሌት እንሠራለን። 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደግሞ ጥቂት እንወጣለን። የአካባቢው አርብቶ አደር ዱሮም እንደዚህ ነው የሚኖረው። ጠዋትና ማታ ከብቱን ይዞ ይንቀሳቀሳል፣ ቀትር ላይ ጥላ ይይዛል። የአፋር ቤትም በታጠፈ እንጨት ላይ ሰሌን ተጥሎበት ስለሚሠራ ንፋስ ያሳልፋል። እኛ ቢሮ ብለን የምንቀመጥበት የብረት ኮንቴይነር ግን ቀትር ላይ አይገባበትም። ለሠራተኛ ማደሪያም ያንኑ ኮንቴይነር ማቆም በእውነት ይቅር የሚባል ነገር አይደለም።

ረመዳን ሲሆን የጾመኛ ባልደረቦቼ ሥራ ከሱሁር ቀጥሎ ጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ እንዲያልቅ አደረግን። ሌላው ሁሉ ከዚያ ጋር ተስማማ።

ጋምቤላ ሌላ ዓለም ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ደረቅና በጣም ሞቃት ነው። እስከዚያ ድረስ የሰመራው ዘዴዬ ሠርቶልኛል። ዝናቡ ሲገባ ቴርሞሜትሩ ወረደ። እፎይ ልል ስል ወበቁ መጣ። አየሩ ራሱ በውሃ ስለተሞላ ላብ አይተንም። ከገላ ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ገላን ግን አያቀዘቅዝም። ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩት፤ ውሃው ለብ እንዳለ ቀረ። የረጠበው ሻሽ አንገቴን ማሳከክ ጀመረ። ጣት መካከልና ብብት ሥር ሽፍታ ወጣ። 34 ዲግሪ ጋምቤላ ላይ ከሰመራው 40 የባሰ ሊከብድ እንደሚችል ያወቅኩት ያኔ ነው።

እዚያ የሚጠቅመው ነገር የተገላቢጦሽ ነው። የሚንቀሳቀስ አየር ያስፈልጋል፣ ደረቅ ልብስ ያስፈልጋል። ቅያሪ ሸሚዝ በቦርሳ ይዤ እወጣና ቀትር ላይ እቀይራለሁ። ቬንቲሌተር ከሰመራ ይልቅ ጋምቤላ ላይ ነው ባለውለታዬ። ሥራን በሰዓት ብቻ ሳይሆን በፍጥነትም መቀነስ ግድ ነው። ላብ የማያቀዘቅዝ ከሆነ ገላችን ራሱ የሚፈጥረውን ሙቀት መቀነስ ብቻ ነው የቀረን ዘዴ። ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ደገኛ ሲመጣ "እነዚህ ሰዎች አይሠሩም" ይላል። ይሄ አባባል ያናድደኛል። እነሱ ንጋት ላይ እርሻቸውን ጨርሰው፣ ባሮ ወንዝ ወርደው ተመልሰው ነው እዚያ የተቀመጡት።

ማደሪያም ይለያያል። ሰመራና አጠገቧ ባለችው ሎግያ ላይ አልጋ ደጅ አውጥቶ መተኛት የተለመደ ነው። ጠዋት ጫማ ከማጥለቅ በፊት ለጊንጥ ማራገፍ ነው፤ ወባ እዚያም ስላለ አጎበር አይረሳም። ጋምቤላ ላይ ግን ወባው ይበረታል። ያለ አጎበር ደጅ ማደር አይታሰብም። ሙቀቱን ሽሽት አጎበር ገልጠው ያደሩ ልጆች በወባ ሲወድቁ አይቻለሁ። የሳር ክዳን ቤት ካገኛችሁ ከቆርቆሮው ይልቅ እሱን ተከራዩ።

ድሬ ከሁለቱም ትሻላለች። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግንቦትና ሰኔ ቢያነዱም ማታው ይለቃል። ከድሬ የተማርኩት የቤት አያያዝ ነው። አከራዬ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱን ሁሉ ዘግተው መጋረጃ ይጥላሉ። እኔ ደግሞ ለንፋስ ብዬ እከፍተዋለሁ። "አቦ! የምታስገባው ንፋስ አይደለም፣ እሳት ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሌሊቱን ቅዝቃዜ ቆልፎ ማቆየት ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በር መስኮቱን ወለል አድርጎ መክፈት፣ ግቢውን ውሃ መርጨት፣ ሽርጥ ታጥቆ ደጅ መቀመጥ። ከሰዓት ሱቁ ሁሉ ዘግቶ ሲተኛ ብቻዬን ፀሐይ ላይ ስንከራተት ያዩኝና "ከፀሐይ ጋር ምን አጣላህ? ግባና ተኛ!" ይሉኛል። በዛፍ የተሸፈነውን የድሬ ሰፈር ከዚራን ያየ ሰው ደግሞ ዛፍ ለከተማ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከጥላው ወጥቶ ዛፍ የሌለበት ሰፈር የገባ ልዩነቱን በአናቱ ይለካዋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። አንድ ፕሮጀክት ላይ ከደጋ የቀን ሠራተኞች በመኪና መጡ። በመጡ ማግስት ሙሉ ቀን አካፋ አስያዟቸው። ከሰዓት በኋላ አንዱ ልጅ መንተባተብ ጀመረ። የሚያናግረውን ሰው በሌላ ስም ይጠራል። ገላው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ፎርማኑ "ሰክሯል" አለ። አልሰከረም። ሙቀት ሲመታ እንደዚያ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ቀድሞ ይመጣል፤ እዚያ ላይ አርፎ፣ ጥላ ገብቶ፣ ከጠጣ ይመለሳል። መዘባረቅ ከጀመረ ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ጥላ ውስጥ አስገባነው፣ ልብሱን አወለቅን፣ ያለንን ውሃ ሁሉ ገላው ላይ አፈሰስን፣ በካርቶን አራገብን። መኪና እስኪመጣ አላቆምንም። በደንብ ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አይጨመርም፤ ያንቀዋል። ልጁ ተረፈ።

መውደቅ ግን አልነበረበትም። ገላ ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ላብ ቶሎና በብዛት መውጣት ይለምዳል፤ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። የሥራ ጤና ባለሙያዎች ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሥራው አንድ አምስተኛውን ብቻ ሰጥቶ በየቀኑ ያንኑ ያህል መጨመርን ይመክራሉ። በአረብ ኢምሬትስ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ገደማ ቀትር ላይ፣ በእኛ ሰዓት ከ6 ተኩል እስከ 9፣ ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። እዚያ ግንባታ ላይ የሚሠሩ ወንድሞቻችን ያውቁታል። እኛ አገር ቆላ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ በፎርማኑ ደግነት ላይ ተንጠልጥሏል።

እኔ የምመራው ቡድን ውስጥ አዲስ ሰው የመጀመሪያውን ቀን በድምሩ ከሁለት ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ አይቆምም። ክፍያው ግን የሙሉ ቀን ነው፤ ካልሆነ ደመወዙን ፈርቶ ሕመሙን ይደብቃል። ማንም ብቻውን አይሠራም፣ ጥንድ ጥንድ ነው። ውሃው ካምፕ ሳይሆን ሥራው ያለበት ቦታ ይቀመጣል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ካለ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክራል፤ ሽንት የሚያበዙት ውሃ ያሳጣሉና። ለመስቀል ወይም ለፋሲካ አገሩ ሄዶ ሳምንታት ደጋ የከረመም ሲመለስ እንደ አዲስ በትንሹ ነው የሚጀምረው። ቆይታው የለመደውን አስረስቶታል።