ድንበር መግፋት

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሁለት አባቶች ስለ ድንበር መግፋት ሲሟገቱ ላክስተን ትዝ አለችኝ። እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ያለች ትንሽ የገበሬ መንደር ናት። አብዛኛው የእንግሊዝ ገጠር መሬቱን በየግሉ አጥሮ ከጨረሰ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እዚያ ግን ሦስቱ ሰፋፊ ማሳዎች ዛሬም አጥር የላቸውም፤ በየገበሬው ቁራሽ የተሸነሸኑ ናቸው። አንዱ ማሳ የክረምት ስንዴ፣ ሁለተኛው በጸደይ የሚዘራ ሰብል፣ ሦስተኛው ጦም ያድራል። በዓመቱ ይዞራል።

በፈረንጆቹ ኖቬምበር ማለቂያ ላይ ከገበሬዎቹ የተመረጡ ዳኞች ስንዴ የተዘራበትን ማሳ እየዞሩ ድንበር የገፋ መኖሩን ያያሉ። ነገሩ ስርቆት እንኳ አይመስልም፦ ማረሻው በየዓመቱ አንድ ትልም በማሳው ዳር ወዳለው የጋራ የሣር መንገድ ጠጋ ይላል፣ ሣሩ ይገለበጣል፣ ቀስ በቀስ መንገዱ ይጠባል። ዳኞቹ ድሮ የነበረበትን ለክተው የእንጨት ችካል በመዶሻ ይመታሉ። ችካሉ የበቀለ ስንዴ መሃል ቢያርፍም እዚያው ይቆማል። (ይቺ ናት ደስ የምትለኝ!)

የገፋው ሰው ስሙ ይያዛል። በሳምንቱ የመንደሩ ችሎት ይሰየምና ይቀጣዋል፤ ቅጣቱ ጥቂት ፓውንድ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ጎረቤት ፊት ስም መጠራቱ ሳይከብድ አይቀርም። መንደሯ እ.ኤ.አ. በ1635 የተሠራ ካርታም አላት፤ የያንዳንዱ ሰው ቁራሽ ተለይቶ የተሣለበት።