አር2 ሦስት ሳምንት ሲሸውደኝ

ሦስት ሳምንት ያለፋኝ የኔትወርክ ላብ (የልምምድ ሥራ) ትናንት ማታ ሠራ። ፒንጉ (ግንኙነት መኖሩን የሚፈትሸው መልእክት) አንድ ሳይጥል ሲመለስ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። በሲሙሌተር ላይ የተዘረጉ ጥቂት ራውተሮች (ዳታን ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ የሚያሻግሩ መሣሪያዎች) ናቸው፤ አር1፣ አር2 እያልኩ እጠራቸዋለሁ። መሃሉ ኦኤስፒኤፍ፣ ዳሩ ሪፕ ቨርዥን 2፤ እነዚህ ራውተሮች ስለ መንገድ የሚነጋገሩባቸው ፕሮቶኮሎች ናቸው። የመሃሎቹ ሊንኮች 10 ጊጋቢት ናቸው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ያዙ። ሲስኮ ላይ ኦኤስፒኤፍ ኮስት (የሊንኩን ዋጋ፣ ያነሰው ይመረጣል) የሚያሰላው 100 ሜጋቢትን መነሻ አድርጎ ነው። ካልነካችሁት 1 ጊጋውም 10 ጊጋውም ኮስቱ 1 ነው፤ ፈጣኑን ከቀርፋፋው አይለይም። መነሻውን 100,000 ሜጋቢት ስታደርጉት 10 ጊጋው 10፣ 1 ጊጋው 100 ይሆናል። ሁሉም ራውተር ላይ ቀይሩት። እኔ አንዱን ረስቼ አንድ ቀን ሙሉ ተቃጥያለሁ።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። ሁለቱን ፕሮቶኮሎች የሚያገናኙት አር1 እና አር2 ናቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካ። ሁለቱም ላይ የሪፑን ወደ ኦኤስፒኤፍ፣ የኦኤስፒኤፉን ወደ ሪፕ ሪዲስትሪቢዩት አደረግኩ፤ የአንዱን መንገዶች ለሌላው አሳወቅኩ ማለት ነው። ኮማንዱን ከቪዲዮ ገልብጬ ነው፣ ምን እዋሻለሁ። ከዚያ ሪፕ ውስጥ ራቅ ያለ አንድ ኔትወርክ ላይ ትሬስሩት (መንገዱን ራውተር በራውተር የሚያሳይ ትእዛዝ) ብሰድ፣ ያው አራት አድራሻ እየተፈራረቀ 30ኛው ሆፕ (ከራውተር ወደ ራውተር ዝላይ) ደረሰ። አር4 (ሪፑ ውስጥ ያለው)፣ አር2፣ አር3 (መሃሉ ላይ ያለው)፣ አር1፣ እንደገና አር4። ሁሉንም ሪስታርት ሳደርግ ደግሞ ጥፋቱ ከአር2 ወደ አር1 ዞረ። ያን ቀን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተኛሁ።

ነገሩ የገባኝ ወረቀት ላይ ስስለው ነው። አር1 ያንን ኔትወርክ ወደ ኦኤስፒኤፍ ያስገባል። አር2 ከሁለት በኩል ይሰማዋል፤ ከሪፕ በ120፣ ከኦኤስፒኤፍ በ110። ይህ ቁጥር ዲስታንስ ይባላል፣ ራውተሩ የመንገዱን ምንጭ ምን ያህል እንደሚያምን የሚያሳይ፤ ያነሰው ያሸንፋል፤ ስለዚህ አር2 ደጁ ያለውን መንገድ ትቶ በመሃል በኩል ይዞራል። ይባስ ብሎ ያንኑ መንገድ መልሶ ወደ ሪፕ ይነዛዋል፣ እኔ በሰጠሁት ሜትሪክ (ሪፕ በሆፕ የሚቆጥረው ርቀት) 1። እውነተኛው መንገድ ሦስት ሆፕ ነው። አር4 የቱን ይመርጣል? ውሸቱን። ቀድሞ ያስገባው ራውተር ሌላውን ስለሚያሳስተው ነው ከሪስታርት በኋላ ቦታ የሚለዋወጡት።

መፍትሔው ታግ ነው፣ መንገዱ ላይ የሚለጠፍ መለያ ቁጥር። ከሪፕ ወደ ኦኤስፒኤፍ የሚገባው ሁሉ ታግ 120 ይለጠፍበታል፤ ወደ ሪፕ ሲመለስ ያ ታግ ያለው ይታገዳል። በሌላኛው አቅጣጫም እንዲሁ፣ በታግ 110። ሩት ማፑ (ይህን የሚያጣራው የደንብ ዝርዝር) መጨረሻ ላይ ፐርሚት (ቀሪውን ፍቀድ) መጻፍ ረስቼ ግን ሁሉም መንገድ ድራሹ ጠፋ፤ ታግ አይሠራም ብዬ ሁለት ቀን ተሳደብኩ።

ታግ ዙሩን ይቆርጠዋል እንጂ አር2 አሁንም በሩቁ ይዞራል። ለዚያ የኦኤስፒኤፍን ኤክስተርናል ዲስታንስ (ከውጭ ለገቡ መንገዶች የሚሰጠውን) ሁለቱም ድንበሮች፣ አር1 እና አር2 ላይ፣ ከሪፕ 120 እንዲበልጥ 130 አደረግኩት። ሁለቱንም አድርጉ፣ በአንዱ አትሸወዱ። እንዲያውም ወደ ሪፑ በኩል ዲፎልት ሩት (ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚኬድበት) ብቻ መስደድ የሚበቃችሁ ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ሪዲስትሪቢዩት አታድርጉ። እኔ ያደረግኩት ሊያስፈልገኝ ሳይሆን እልህ ይዞኝ ነው።

ቀጥሎ ቢጂፒ የሚባለውን ሌላ የመንገድ ፕሮቶኮል ልጨምርበት ነው። ይህን እየጻፍኩ ሴቭ ማድረጌን ሄጄ ሳይ፣ አር4 ላይ አላደረግኩም።