«የእናትሽ ዳግም ለእጅ አይሆንም ወይ?»

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ጎጃም፣ ቡሬ ውስጥ ሳኒታይዘር የሚባል ነገር ጠፋ። እኔ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ያኔ የምሠራው እዚያው ቡሬ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበር። ሰው ገና በር ሳንከፍት ይሰለፋል። «አልኮል አለ?» «ጓንትስ?» መልሳችን አንድ ነው፤ የለም።

ከተሰለፉት አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «ልጄ፣ የእናትሽ ዳግም ለእጅ አይሆንም ወይ?» አሉኝ። ዳግም ማለት ሁለቴ የወጣ አረቄ ነው። እናቴ አረቄ አውጪ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔንም ያስተማረችኝ በአረቄ ነው። ጥያቄያቸው የዋዛ አልነበረም። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ውስኪ አውጪዎች ይኸንኑ እየጠየቁ ነበር። እነሱ መልስ አገኙ። የእኛዎቹ ግን የጠየቃቸው እንኳን የለም።

የአሜሪካውን ላስቀድም። እዚያ ትልልቆቹን የውስኪ ፋብሪካዎች ሁሉም ያውቃቸዋል። ከነሱ ሌላ በየከተማው በትንሽ ካፒታል፣ በጥቂት ሠራተኛ የሚንቀሳቀሱ አሉ። እህል ያብላላሉ፣ በመዳብ ጋን ያወጣሉ። ገቢያቸው የሚመጣው ባብዛኛው እዚያው መጥቶ ቀምሶ ከሚገዛ ሰው ነው። በመጋቢት ቤቱ ሁሉ ሲዘጋ ገቢያቸውም አብሮ ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው እጃቸው ላይ ያለውን አልኮል ወደ ሳኒታይዘር የለወጡት። ፖርትላንድ ኦሪገን የሚገኘው ሻይን የተባለው ቤት ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነው። አረቄ ሲወጣ መጀመሪያ የሚመጣው ክፍል አይጠጣም፤ ይደፋል ወይም ለጽዳት ይውላል። እነሱ ከዚያ ጀመሩና ለመጣው ሰው በነፃ አደሉ። ሌሎችም ተከተሉ። ለሆስፒታል ሰጡ፣ ለፖሊስ ሰጡ፣ ለአረጋውያን መኖሪያ ሰጡ። መጠጥ ቤት ሲዘጋ በየበርሜሉ የቀረውን ቢራ ተቀብለው አልኮሉን ያወጡም ነበሩ።

እኔን የገረመኝ ግን ደግነታቸው አይደለም። ደግ ሰው እኛም አለን። የገረመኝ መንግሥታቸው በቀናት ውስጥ መንገድ መክፈቱ ነው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ጊዜያዊ መመሪያ አወጣ፤ አሠራሩ ይህ ነው፣ የአልኮሉ መጠን ይህ ነው፣ ልጆች እንዳይጠጡት የሚያመርር ነገር ጨምሩበት አለ። የመጠጥ ግብሩም ለሳኒታይዘር ሲሆን ተነሣላቸው። ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ማለቴ አይደለም። በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ቤት ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ክፍያ አለበት የሚል ነገር ድንገት መጣባቸው። ሳኒታይዘር በመሥራታቸው እንደ መድኃኒት አምራች ተቆጥረው ነው። ጩኸት ሆነ። ዓመቱ ሳይወጣ ተሰረዘ።

አሁን ወደ ቡሬ ልመለስ።

በእናቴ ቤት አረቄ እንዲህ ነው የሚወጣው። ጌሾው ተወቅጦ ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል። የዳጉሳው ዱቄት በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ እንኩሮ የምንለው ነው። በቆሎ ርካሽ በሆነበት ዓመት በቆሎም ይገባበታል። ድፍድፉ ጋን ውስጥ አፉ ታትሞ ይሰነብታል። ሲደርስ እሳት ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ በመቃ ያልፍና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ መቀበያ ይወርዳል። መጋጠሚያው ሁሉ በጭቃ ይለሰናል። የመቀበያው ውሃ በሞቀ ቁጥር ይቀየራል። ቀኑን ሙሉ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መማገድ፣ ጭስ መጋፈጥ ነው። የእናቴ ዓይን ከዚህ ሥራ የተነሣ ዛሬም ያለቅሳል።

ትልቁ ሙያ ግን እሳቱ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ እንጨት ስማግድ፣ «ቀስ አርጊው! እሳት ካበዛሽበት ውሃውን ይዞብሽ ይመጣል» ትለኝ ነበር። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህሩ ስለ መፍያ ነጥብ ሲያስተምር የእናቴ ድምፅ ነው የመጣብኝ። አልኮል የሚፈላው 78 ዲግሪ ላይ ነው፤ ውሃ 100 ላይ፣ ያውም በባሕር ወለል ደረጃ። እሳቱ ሲለዝብ አልኮሉ ይቀድማል። ሲበዛ ውሃውም ይከተላል። እናቴ ቴርሞሜትር አይታ አታውቅም። ጠብታውን እሳት ላይ ጣል ታደርገዋለች፤ ቦግ ካለ ገና ነው፣ ጭስስ ካለ አልቋል። ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጋ አረፋው እንዴት እንደሚቆምም ታያለች።

አንዴ የወጣው ተራ አረቄ ነው። እሱ እንደገና ሲጣድ ዳግም ይሆናል። ስኮትላንድም ውስኪውን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ነው የሚያወጡት። እህሉ፣ ብቅሉ፣ ሁለቴ መውጣቱ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። እነሱ ጌሾ የላቸውም፤ እኛ ደግሞ በኦክ በርሜል ዓመታት አናስቀምጥም። አረቄ አውጪ የሚለው ስም እኛ ዘንድ እንደ ስድብ የሚነገርበት ጊዜ አለ። ይኼ በጣም ያመኛል። የእጅ ሙያው አንድ ነው።

እንግዲህ የዚያ አባት ጥያቄ። ዳግም ለእጅ ይሆናል ወይ?

እንዳለ አይሆንም። ጥሩ ዳግም 45 በመቶ አካባቢ ነው። እጅ ላይ ተሕዋስ ለመግደል ቢያንስ 60 ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ደግሞ ወደ 80 ይጠጋል። አሥር ሊትር ለመሥራት 96 በመቶ የሆነ አልኮል 8333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ለእኒያ አባት ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩም። «አባባ፣ ዳግሙ ይደክማል፤ በሳሙና ይታጠቡ፣ ሳሙና ይበልጣል» አልኳቸው። እውነትም ነው። ቫይረሱ በስብ ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ ሳሙና ያንን ልባስ ይበታትነዋል። ሃያ ሰከንድ ማሸት በቂ ነው።

ግን ይሆን ነበር ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ይሆን ነበር። 45 በመቶ የሆነ ዳግም ሦስተኛ ጊዜ ቢጣድ መጀመሪያ የሚወርደው ከ75 በላይ ይሆናል፤ እየቆየ ይወርዳል። የቀደመውን ለይቶ መያዝ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የአልኮል መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ የማያፈስ የብረት ዕቃ፣ ከክፍት እሳት የራቀ ቦታ ነው። የመጨረሻው ዋናው ነው። 75 በመቶ የሆነ አልኮል እንፋሎቱ ራሱ እሳት ይስባል። በጭቃ የተለሰነ መቃ አጠገብ በባሕር ዛፍ እንጨት ይህን መሞከር ቤት ማቃጠል ነው። ስለዚህ እናቴ ልሞክር ስትለኝ አይሆንም ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ዛሬም ብሆን እከለክላለሁ። ዕቃው ቢኖር ግን እሷን የሚያህል ሙያተኛ ከየትም አይመጣም ነበር።

በዚያ ሰሞን ዩኒቨርሲቲዎች በላቦራቶሪያቸው ሳኒታይዘር መሥራት ጀምረው ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፤ እኛም ተጠቅመንበታል። ነገር ግን ጥሬ ዕቃቸው አልኮል ነው፤ አልኮል ደግሞ በየከተማው በመቶዎች የሚቆጠሩ እናቶች ጓዳ ይወጣል። የእነሱን ተራ አረቄ በገበያ ዋጋ ሰብስቦ አንድ ቦታ ማጠንከር ይቻል ነበር። እናቶቹም ከእነ ልጆቻቸው ባልተቸገሩ።

ተቸግረው ነበርና። መጋቢት ሳያልቅ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ተዘጉ። ቲሊሊ ለቡሬ ጎረቤት ናት፤ የእናቴ ደንበኞች ግማሾቹ እዚያ ናቸው። ቀጥሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አረቄ ቤት ማለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነው። ተዘጋ። መዘጋቱም ትክክል ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ነው፤ አረቄ አውጪ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህን ወር ነው። የዚያን ዓመት ሠርግ የለም። የተከፈለ ቀብድ ሁሉ ተመለሰ።

ከአረቄው ጋር አተላውም ቆመ። ይህን ከተማ ያደገ ሰው ላያስበው ይችላል። አተላ ለከብት ማድለቢያ ነው። የሰፈራችን በሬ አድላቢዎች በየጠዋቱ ባልዲ ይዘው የሚመጡት እኛ ቤት ነበር። አረቄ የለም ማለት አተላ የለም ማለት ነው፤ አተላ ከሌለ ሰውየው መኖ በውድ ይገዛል፣ ወይም በሬውን ሳይሰባ ይሸጣል። የአንዲት ሴት ጋን ሲደርቅ ስንት ቤት እንደሚነካ ያየሁት ያኔ ነው።

አረቄ አውጪዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እናቴና ጎረቤቶቿ ለሠርጉ ወር ብለው የገዙት ዳጉሳ በየቤቱ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ጆንያውን አየችና «ይኼ እህል ነው እኮ፤ እህል ደግሞ ይበላል» አለች። አስፈጩት። ዳጉሳ እንጀራ ጎጃም ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ዱቄቱ በጣሳ እየተሰፈረ የቀን ሥራ ለቆመባቸው ቤቶች ሄደ። ጫኝና አውራጅ የነበሩ፣ ልብስ አጥበው የሚያድሩ፣ ቆሎ የሚሸጡ። ማን ምን ያህል እንደወሰደ የተጻፈ ነገር የለም። እትዬ እያልኩ የምጠራቸው አንዲት ጎረቤታችን በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ ሁለቴ የመጣውን አይቆጡም፣ ያልመጣውን ግን ልጅ ልከው ያስጠሩታል። አረቄ የሚቀዳባቸው ቢጫ ጀሪካኖች ታጥበው፣ ቧንቧ ተገጥሞላቸው በየበሩ እጅ መታጠቢያ ሆኑ። ውሃ መቅዳት እንደሆነ የለመዱት ሥራ ነው።

እናቴ አንድ ሌላ ነገርም አደረገች። አረቄ ኮሮናን ይገድላል የሚል ወሬ በየቦታው ይናፈስ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ከተባለው ጋር ተዳብሎ። እኔ ከኢራን የሚመጣውን ዜና ነገርኳት። እዚያ አልኮል መጠጣት ከበሽታው ያድናል ብለው ሜታኖል የተቀላቀለበት ጠጥተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ከእህል የሚወጣ አረቄ ሜታኖሉ አነስተኛ ነው፤ አደጋው የሚከፋው የፋብሪካ አልኮል ሲደባለቅበት ነው። እናቴ ከዚያ ወዲያ ለመድኃኒት ብሎ ለመጣ ሰው አልሸጥም አለች። ቤት ውስጥ የቀረውን ዳግም በጥሩ ዋጋ ልውሰድ ያሏት ነበሩ። ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር። አልሰጠችም።

አረቄን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። በአረቄ የፈረሰ ትዳር፣ በአረቄ የተበላሸ ጉበት መድኃኒት ቤት ቆሜ አያለሁ። እናቴም ታያለች፤ ለማን መሸጥ ማቆም እንዳለባት የምታውቀው ስለምታይ ነው። እኔ የምለው ሙያው ከመጠጥ በላይ ነው። አልኮል ማውጣት የሚችል እጅ ያለበት ከተማ በወረርሽኝ ጊዜ አልኮል አጣሁ ማለት የለበትም።

ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም። ዝግጅቱ ግን ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ሴቶቹን በማኅበር አደራጅቶ ሕጋዊ ማድረግ። አንድ ሰፋ ያለ የብረት ማውጫ፣ ከነ ቴርሞሜትሩ፣ ከመኖሪያ ቤት ራቅ ባለ ቦታ። ሥልጠና። ከጤና ጣቢያ ጋር የተጻፈ ስምምነት። በደህናው ጊዜ ዕቃው ንጹህ አረቄ ያወጣል፣ ጭሱም ይቀንሳል። በክፉው ጊዜ ወደ ሌላው ይዞራል።

እኔ እስከዚያው የቻልኩትን ጀምሬያለሁ። አንድ የአልኮል መለኪያ ገዝቼ ለእናቴ ወሰድኩላት። ዳግሟን ስንለካው 46 አለ። ጎረቤቶቿ ሰምተው በየተራ ጠርሙስ ይዘው መጡ። የአንዷ 38 ሆነና ተናደደች፤ እናቴ ስለ እሳቱ ስትነግራት አመሹ። አሁን ክርክሩ መለኪያው ማን ቤት ይቀመጥ የሚለው ነው። እናቴ የእቁቡ ዳኛ ቤት ይሁን ትላለች፤ ሌሎቹ ደግሞ በየሳምንቱ ይዙር ይላሉ። ብርጭቆ ነውና ከዞረ ይሰበራል ባይ ነኝ።