የኪሮሽ ወፍ፦ ከቀለም በፊት ቅርጽ

በኪሮሽ ትንንሽ የወፍ አሻንጉሊቶችን መሥራት የጀመሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጨነቁት ስለ ቀለም ነው። ደረቷ ቀይ፣ ጀርባዋ ቡናማ፣ ክንፏ ላይ ነጭ መስመር ያላት ወፍ ለመሥራት ብለው አምስትና ስድስት ዓይነት ክር ይገዛሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ግን እጃቸው ላይ የሚቀረው ክንፍ የተሰፋበት ኳስ ይሆናል። በዚህ ሥራ በቆየሁ ቁጥር ይበልጥ ያመንኩበት ነገር ቢኖር፣ ወፍን ወፍ የሚያሰኛት ቅርጿ መሆኑን ነው። በአንድ ግራጫ ክር ብቻ የተሠራች ብትሆንም፣ ደረቷ በአግባቡ ከወጣ፣ አንገቷ ካጠረና ዓይኖቿ ቦታቸውን ከያዙ፣ ከሩቅ ያያት ሁሉ ወፍ መሆኗን ለማወቅ አይቸገርም።

ቅርጹ የሚገኘው ደግሞ ከቆጠራ ነው። ጃፓኖች አሚጉሩሚ በሚሉት የአሻንጉሊት አሠራር፣ ሥራው የሚጀመረው ከአንድ ጠባብ የክር ቀለበት ነው። በቀለበቱ ውስጥ 6 ነጠላ ቋጠሮ (መሠረታዊው የኪሮሽ ቋጠሮ) ይሠራና የክሩ ጫፍ ሲሳብ መካከሉ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ዙሮቹ ሳይቋረጡ እየተጠማዘዙ ይቀጥላሉ። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ሁለት ስለሚሠራ ቁጥሩ 12 ይሆናል፤ ቀጥሎም 18፣ 24፣ 30 እያለ በየዙሩ 6 እየጨመረ ይሄዳል። ቁጥሩ 6 የሆነበት ምክንያት አለው። የአንድ ነጠላ ቋጠሮ ቁመትና ስፋት ተቀራራቢ ስለሆነ፣ የክቡ ሬዲየስ በአንድ ቋጠሮ ሲያድግ ዙሪያው ከ6 በጥቂቱ በሚበልጥ ቋጠሮ ማደግ ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ሥራው ጠፍጣፋ ክብ ሆኖ ይወጣል። ጭማሪው ከ6 ሲያንስ ሥራው እየጎደጎደ ይሾጥጣል፤ በጣም ሲበዛ ደግሞ ጠርዙ ይሸበሸባል። ይህን ልብ ያለ ሰው የሌላ ሰው ንድፍ ሳይጠብቅ፣ ጭማሪውን በማብዛትና በማሳነስ ብቻ ጭንቅላትንም ምንቃርንም መቅረጽ ይችላል።

ለመጀመሪያ ሥራ የጥጥ ክር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ስለማይለጠጥ ቅርጹን ይይዛል፣ እያንዳንዱ ቋጠሮም በግልጽ ስለሚታይ ለመቁጠር ያመቻል። በክሩ መጠቅለያ ላይ 3.5 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ የሚል ቢጻፍ እንኳ፣ ለአሻንጉሊት 2.5 ወይም 3 ሚሊ ሜትሩን መያዝ ይሻላል። ከክሩ ጋር የሚመጣው ምክር በአመዛኙ የሚያስበው ስለ ልብስ ነው፤ ልብስ መላላት አለበት። የአሻንጉሊት ገላ ግን ጥቅጥቅ ካላለ ውስጡ የሚሞላው ፋይበር በየቀዳዳው ብቅ እያለ መልኩን ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ደረቱ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ጊዜዬን የምሰጠው ለእርሱ ነውና። ብርድ የያዛት ትንሽ ወፍ ላባዋን ስትነፋ አንገቷ ከናካቴው ይጠፋል፤ ጭንቅላቷ በቀጥታ ከደረቷ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ጭንቅላትና ገላን ለየብቻ ሠርቶ ከመስፋት ይልቅ ከአናት ጀምሮ ሳይቆርጡ ወደ ታች መውረድ ተመራጭ ነው። ጭንቅላቱ 24 ቋጠሮ ላይ ደርሶ ጥቂት ዙር ሳይጨምር ሳይቀንስ ከሄደ በኋላ፣ አንገቱ ላይ ወደ 20 ብቻ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ቀጥሎ የሚመጡት ጭማሪዎች ግን በዙሩ ሁሉ እኩል መበተን የለባቸውም። በአንድ ዙር 6 ቋጠሮ የሚጨመር ከሆነ፣ ስድስቱንም በፊት ለፊቱ ሲሶ ላይ ማሳረፍ፣ ጀርባውን ግን እንዳለ መተው ነው። ከሁለት እንዲህ ካሉ ዙሮች በኋላ ደረቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ጀርባው ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ጅራቱ ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ዙሮቹ ተጠማዝዘው ስለሚሄዱ በቀኝ እጅ ለሚሠራ ሰው እያንዳንዱ ቋጠሮ ከሥሩ ካለው ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ያርፋል፤ ልዩነቱ በአንድ ዙር አይታይም፣ ከአሥር ዙር በኋላ ግን የደረቱ መካከል ከመጀመሪያው ቦታ ርቆ ይገኛል። በቁጥር ብቻ የሄደ ሰው ደረቷ ወደ ጎን የዞረ ወፍ ይሠራል። መፍትሔው የፊት ለፊቱን መካከል በሌላ ቀለም ክር ምልክት ማድረግና በየጥቂት ዙሩ ሥራውን አቁሞ በዓይን እያዩ ምልክቱን ማስተካከል ነው።

ሙሌቱ በትንንሹ እየተቆነጠረ መግባት አለበት፤ በአንድ ጊዜ ከታጨቀ ጓል ይሠራል። ሰው ሠራሽ ፋይበር ሲታጠብ ቶሎ ስለሚደርቅ እርሱን እመርጣለሁ። ጭንቅላቱ አንገት ከመሥራቱ በፊት፣ ደረቱ ደግሞ ቀዳዳው ከመጥበቡ በፊት ይሞላል። ወደ ጅራቱ ሲጠጉ ሙሌቱን ማሳነስ፣ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ባዶ መተው፣ ከዚያም ሁለቱን ንብርብር ገጥሞ በነጠላ ቋጠሮ አንድ ላይ መዝጋት ነው። ጅራቱ በዚህ መንገድ ያለ ምንም ስፌት ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ክንፎቹ ቀላል ናቸው፤ አንድ ትንሽ ክብ ታጥፎ ትከሻው ላይ ብቻ ይሰፋና ጫፉ ነጻ ይተዋል። እግርን በተመለከተ እኔ አልሠራም፤ ደረቷ ላይ ተመቻችታ የተቀመጠች ወፍ እግር አያስፈልጋትም ብዬ አምናለሁ።

ፊቷ ላይ ግን መቸኮል አይገባም። ከጉጉት በስተቀር አብዛኞቹ ትንንሽ ወፎች ዓይናቸው ያለው በጭንቅላታቸው ጎንና ጎን ነው፤ ወደ ፊት የተጠጋ ዓይን አሻንጉሊቷን ወዲያውኑ የሰው ፊት ያላብሳታል። ምንቃሩ ከ4 ቋጠሮ ተነሥቶ በየዙሩ በአንድ ወይም በሁለት ብቻ እየጨመረ 8 ላይ ሲደርስ ጥሩ ሾጣጣ ይወጣዋል፤ እህል ለሚለቅሙ ወፎች አጠር ደንደን፣ ነፍሳት ለሚለቅሙት ቀጠን ማድረግ ነው። ዓይኖቹን ከመትከሌ በፊት አናታቸው ጥቁር በሆነ ስፒሎች ቦታቸውን እሞክራለሁ። ስፒሉን ከምንቃሩ ሥር እኩል ሳደርገው ወፏ የተረጋጋች ትመስላለች፤ አንድ ዙር ከፍ ሳደርገው ደግሞ የደነገጠች ትሆናለች።

አሻንጉሊቷ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የምትሰጥ ከሆነ የፕላስቲክ ዓይንም ሆነ ዶቃ ሊገባባት አይገባም፤ ሊነቀልና ሕፃኑን ሊያንቅ ይችላል። ለእርሱ ዓይኖቹን በጥቁር ክር ጠበቅ አድርጎ መጥለፍ፣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ማውጣት፣ የቀረውን የክር ጫፍ ደግሞ በገላው ውስጥ በተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ አሳልፎ ከሥሩ መቁረጥ ያስፈልጋል።