27 ሰከንድ

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ምንም የሆንኩት ነገር አልነበረም። ብቻ ሆዴ ባባ። ቀጠሮው ይሆናል። የግራ እግሬን የደከመ ደም ሥር በሌዘር ከታከምኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ሐኪሟ "አሁን ደም ሥሮችሽ እንዴት እየሠሩ እንደሆነ በደንብ እንይ" ብላኝ ነበር።

መጀመሪያ አቆመችኝ። እኔ ተኝቶ የሚታይ መስሎኝ ነበር። ለካ ካልቆሙ ደሙ ወደ ታች መመለስ አለመመለሱ በደንብ አይለይም። ያን ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ አልትራሳውንዱን ጭኔ ላይ አደረገች። በሌላ እጇ ባቴን ጨመቅ አድርጋ ለቀቀችው። ሲጨመቅ ደም ወደ ላይ ይወጣል። ሲለቀቅ ደም ሥሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ወዲያው መዘጋት አለባቸው። ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ታች ከፈሰሰ በሮቹ ደክመዋል ማለት ነው። በሌዘር የተቃጠለው ደም ሥር ጭራሽ ዝም ብሏል፤ ደም አያልፍበትም። በጥልቀት ያለው ዋናው ግን ጫን ሲሉት ልጥፍ ይላል። የረጋ ደም የለበትም ማለት ነው። ተመስገን።

ቀጥላ አስቀመጠችኝና ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ አድርጋ ብርሃን ያላት ትንሽ መሣሪያ ለጠፈችብኝ። ተረከዜን ሳላነሳ የእግሬን ጣቶች 10 ጊዜ ወደ ላይ አነሳሁ። ባት ሲሠራ ደሙን እንደ ፓምፕ ገፍቶ ያወጣዋል። ከዚያ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ደም ሥሮቹ ተመልሰው እስኪሞሉ ይቆጠራል። ቶሎ ከሞሉ ደሙ ወደ ታች እየተመለሰ ነው፤ ከ25 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ግን ጥሩ ነው። ከሕክምናው በፊት 11 ነበር። ዛሬ 27።

እዚያው ወንበር ላይ አባዬ ትዝ አለኝ።

ማታ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ሲመጣ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ጨው። ባቱ ላይ የተጠማዘዙ እብጠቶች ነበሩት። ደም "ሥር" የተባለው እንደ ዛፍ ሥር ስለሚወጣ ነው ብዬ አምን ነበር። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርጋቸው ይጠፋሉ። ስለቃቸው፣ አንድ ብዬ ሳልጨርስ ሞልተዋል። ለእኔ ጨዋታ ነበር። ዛሬ ሐኪሟ ስትቆጥር ነው የገባኝ። ያን ጊዜ እጄ ላይ የነበረው ምርመራው ራሱ ነበር።

ቀኑን ሙሉ አንድ ወንበር ዙሪያ ቆሞ ይውላል። የማይራመድ ባት ደግሞ ደም አይገፋም። ይህን ማን ይንገረው? እኛ "ድካም ነው" ሲለን አመንነው።

ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆዳው ጠቁሮ ነበር። የጫማ ቀለም መስሎኝ አንድ ማታ በሳሙና ደጋግሜ አሸሁት። እግሩን ትንሽ ሸሸት አደረገ። ከዚያ መልሶ ሰጠኝ። "እደጊ፣ ተመንደጊ" አለኝ እንደ ሁልጊዜው።

አሞት ነበር እንዴ?