ኮሮና የመሰለው ከሰል

ኅዳር 2013 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለች አንዲት ማሳጅ ቤት ከስምንት ወር መዘጋት በኋላ ከተከፈተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ወገባቸውን ታሽተው ከአልጋው የወረዱ የሃምሳ ስምንት ዓመት እናት ጫማቸውን ሊያደርጉ ሲያጎነብሱ ግድግዳ ያዙ።

«እትዬ፣ ምን ሆኑብኝ?» አለች ባለሙያዋ።

«ራሴን አዞረኝ ልጄ። ሆዴንም ያቅለሸልሸኛል።»

ባለሙያዋ በድንጋጤ ሙቀታቸውን ለካች፤ 36.4። ጣታቸው ላይ የምትሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አደረገችላቸው፤ 94። ለደብረ ብርሃን ከፍታ ይህ ደህና ቁጥር ነው። ሳል የለም፣ ትኩሳት የለም። ያም ሆኖ አእምሮዋ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮሮና ገባብኝ። ያኔ ለኮሮና ጥቆማ ይደወልበት ወደነበረው 8335 ልትደውል ስልኳን ስታነሳ ጎረቤት የምትሠራ ነርስ ደረሰች። ነርሷ በሩ ላይ እንደቆመች የጠየቀችው ስለ ሳል አልነበረም።

«ከሰል አንድደሻል እንዴ?»

«አዎ፣ ከጠዋት ጀምሮ። ግን ጭሱ ወጥቶለት ፍም ከሆነ በኋላ ነው ያስገባሁት።»

«አንቺንስ ራስሽን አያምሽም?»

«ከትናንት ጀምሮ ይፈልጠኛል። ማስኩ ነው ብዬ...»

ነርሷ ሁለቱንም ወደ ውጭ አወጣቻቸው፤ ማንደጃውንም ግቢ አስወጣች። እኚያ እናት ሆስፒታል ተወስደው ኦክስጅን ተሰጣቸውና ማታ ቤታቸው ገቡ። ኮሮና አልነበረም፤ የከሰል ጋዝ ነው።

ይህች ባለሙያ ቸልተኛ አልነበረችም፤ እንዲያውም ከብዙዎች የተሻለ ተዘጋጅታ ነበር የከፈተችው። የእጅ መታጠቢያ በር ላይ አለ፣ አልኮል አለ፣ ማስክ ለደንበኛም ለእሷም አለ፣ ቀጠሮ በስልክ ብቻ ነው። የስቲም ክፍሉን ዘግታዋለች። ያልተዘጋጀው ክፍሉ ነው። የኅዳር ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት እጅ ይቆረጥማል። ልብሱን ያወለቀ ሰው ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ጡንቻ አይታሽም። ስለዚህ መስኮቱ ተዘጋ፣ ከበሩ ስር ጨርቅ ተወተፈ፣ ማንደጃ ገባ። ኮሮናን የሚያከማቸውና ጋዙን የሚያከማቸው ያው የታፈነ አየር ነው። የዚያን ቀን ቀድሞ የታየው ጋዙ ሆነ እንጂ፣ ከደንበኞቹ አንዱ ቫይረሱን ይዞ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ፣ እሷም ሌሎችን ካሸች በኋላ ነበር።

ስለ ከሰሉ ሁለት ነገር ሊታወቅ ይገባል። አንደኛ፣ ፍም ሆነ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ካለቀ በኋላም ይወጣል። ሁለተኛ፣ ጣት ላይ የምትሰካው መለኪያ በዚህ ጊዜ ታሳስታለች። ደም ውስጥ ኦክስጅን የያዘውንና ይህን ጋዝ የያዘውን ሄሞግሎቢን ለይታ አታውቅም፤ ሰውየው እየታፈነም ጥሩ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች። በወረርሽኙ ወቅት ያችን መለኪያ አይቶ ልቡን ያሳረፈ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ይህን ማወቅ የማሳጅ ባለሙያ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፤ መቼ ነው መከፈት የነበረበት? የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ክረምቱ ሲያልቅ አዋጁ አበቃ። ባለሙያዋ ከዚያም በኋላ ሦስት ወር ግድም ታግሣለች፤ ኪራይ ሲከማችባት ግን «ሁሉም ከፍቶ የለ?» ብላ ከፈተች። ሱቅና ማሳጅ ቤት ግን አንድ አይደሉም። በዚያ ወቅት ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ከ15 ደቂቃ በላይ አብሮ መቆየት የቅርብ ንክኪ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ማሳጅ ግን ክንድ በማይሞላ ርቀት አንድ ሰዓት ነው፤ ደንበኛው በረዥሙ እየተነፈሰ፣ ባለሙያዋም በሥራው እያለከለከች። በዚህ ላይ በሽታው ያለበት ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ያስተላልፋል። በር ላይ ግንባር መለካት የሚይዘው ትኩሳት የጀመረውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀን ከመቁረጥ በፊት ክፍሉን መለካት ይቀድማል። የእሷ ክፍል 3 በ4 ሜትር ነው፣ ጣሪያው 2.7፤ 32 ሜትር ኩብ ግድም አየር ይይዛል። የክፍሉ አየር በሰዓት 6 ጊዜ ከተለወጠ፣ ሰው ከወጣ በኋላ አየር ላይ የቀረው ነገር 99 በመቶ እስኪወገድ 46 ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት 2 ጊዜ ብቻ ከተለወጠ 138 ደቂቃ። እሷ በደንበኞች መካከል የተወችው 15 ደቂቃ ነበር፤ አንሶላ መቀየሪያ ያህል ብቻ።

አየሩ መለወጡን የሚያሳይ መሣሪያ ለማይገዛ ሰው እጣን አለለት። አንድ ጠጠር እጣን ጣል አድርጎ ማጨሻውን በር አጠገብ ማስቀመጥ፣ መስኮትና በር ከፍቶ ጭሱን ማየት። ወደ መስኮቱ ተስቦ ከወጣ ነፋሱ ያልፋል፤ ክፍሉ መሃል እየዞረ ከቆመ አያልፍም። ከዚያ የማጨሻውን ፍም ግቢ አውጥቶ፣ የቀረው ጭስ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መቁጠር። ግምት ነው፤ ግን ከምንም ይሻላል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻውን አቃጥለን የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰዉን ስለጨረሰው ነው፤ ጭስና ወረርሽኝ ለእኛ አዲስ አይደሉም። እዚህ ግን ጭሱ የሚጠቅመው የአየሩን መንገድ ለማሳየት ብቻ ነው እንጂ ቫይረሱን ለመግደል አይደለም። የእሷ ክፍል ሲሞከር ጭሱ ጣሪያው ስር ተኝቶ ቀረ፤ መስኮቱ ሙሉ መስታወት ነበርና የሚከፈተው ከላይ ያለችው ትንሽ ክፋይ ብቻ ነበረች።

ብርዱ በሌላ መንገድ ይመከታል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት፤ ዘይቱን በሙቅ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጦ ማሞቅ፤ የሙቅ ውሃ ከረጢት እግር ስር፤ የሚታሸውን ክፍል ብቻ ገልጦ ሌላውን መሸፈን። እዚህ ላይ የመንዝ ባና ይታወሳል፤ ሙቀቱን የሚያህል የለም። ነገር ግን የበግ ፀጉር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው በፈላ ውሃ አይታጠብም። ከላይ ይደረብ፣ ግን ገላ እንዳይነካ ከስሩ የሚታጠብ አንሶላ ይኑር። ጋቢም ለመታጠብ ይመቻል፤ ችግሩ በዚህ ብርድ ቶሎ አለመድረቁ ነው። በቀን 4 ደንበኛ፣ ለአንዱ 2 አንሶላ፣ ለመድረቅ 3 ቀን ቢፈጅ 24 አንሶላ ያስፈልጋል። እሷ 8 ነበራት፤ እርጥበቱ ያልለቀቀ አንሶላ ያነጠፈችውም ለዚህ ነው።

የበረኪናው ስህተት ደግሞ ብዙ ቤት ይታያል። የአልጋው ሌዘር ዘይት ጠጥቷል፤ ዘይት ላይ የተረጨ በረኪና ቫይረሱ ጋ አይደርስም፣ ኃይሉንም ቆሻሻው ይጨርሰዋል። መጀመሪያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ዘይቱን ማስለቀቅ፣ ከዚያ በረኪና። 5 በመቶ የሚል ከሆነ 1 እጅ ለ49 እጅ ውሃ፣ ማለትም 20 ሚሊ ሊትር ለ1 ሊትር ገደማ፤ 4 በመቶ ከሆነ 1 ለ39። 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይና በንጹህ ውሃ ይወልወል፤ አለዚያ ሌዘሩ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ደግሞ አይጸዳም። የተበጠበጠው ለዚያው ቀን ብቻ ነው። ከአልኮልም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር አይቀላቀልም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከኮሮና ያገገመው ደንበኛ ነው። «ተኝቼ ሰነበትኩ፣ ሰውነቴ ተሳስሯል፣ እሺኝ» ብሎ ይመጣል። ይህ በሽታ ደም ያረጋል። አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሲነካ ካመመ አይታሽም፤ ወጌሻ ቤትም አይሄድም፤ ሐኪም ጋ ይላካል። የረጋውን ደም በእጅ ገፍቶ ወደ ሳንባ መስደድ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ «ታመው ነበር? ትንፋሽ ያጥርዎታል? እግርዎ አብጧል?» ብሎ መጠየቅ በር ላይ ግንባር ከመለካት ይበልጣል። ስኳር ያለባቸውና በዕድሜ የገፉት ደግሞ ሕመማቸው መጠበቅ የሚችል ከሆነ ቢጠብቁ ይሻላል።

ባለሙያዋ ያን ዕለት ዘጋች። አናጢ ጠርታ መስታወቱን በሁለት ተካፋች መስኮት አስለወጠች፤ እጣኑ እንደገና ሲሞከር ጭሱ በመስኮቱ ወጣ። ሰዓቱንም ቀየረች፤ ፀሐይ ክፍሉን ከምታሞቅበት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ በቀን 3 ሰው፣ ለአንዱ 40 ደቂቃ፣ በመካከል አንድ ሰዓት መስኮትና በር ክፍት። በግንባር መደፋትም ቀረ፤ ፊት ማስገቢያው ውስጥ ማስክ በትንፋሽ ስለሚርስ ወገብ የሚታመሙትን በጎን አስተኝታ፣ ጉልበታቸው መካከል ትራስ አድርጋ ማሸት ያዘች። ጥር ላይ እንደገና ስትከፍት እኚያ እናት ተመልሰው መጡ፤ ገና ሳይቀመጡ ማንደጃው ድሮ የነበረበትን ጥግ አዩ። ቦታው ላይ የአንሶላ ቅርጫት ተቀምጧል።