ከመውለዴ በፊት ያረፍንበት የድሮ ቤት

ሆዴ መግፋት ከጀመረ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነው። «ልጁ ሳይመጣ እንቅልፍሽን ጥገቢ!» እንቅልፍ እንደ እህል ጎተራ ውስጥ የሚከመር ይመስላቸዋል። ደግሞስ ቃሩ እያቃጠለኝ፣ ሽንት ሌሊቱን ሙሉ እያመላለሰኝ፣ የትኛውን እንቅልፍ ነው የምጠግበው?

ስለዚህ ገጠር ያለውን የድሮ የድንጋይ ቤት የተከራየነው እኔ እንድተኛ አይደለም። ከባለቤቴ ጋር ማውራት አምሮኝ ነው። ሰሞኑን ወሬያችን ሁሉ የሕፃን አልጋ፣ ዳይፐርና የሐኪም ቀጠሮ ሆኗል።

የሄድነው በመኪና ነው። የቀበቶው የታችኛው ማሰሪያ ከሆዴ በታች ዳሌዬ ላይ፣ የላይኛው ደግሞ በጡቶቼ መካከል አልፎ በሆዴ ጎን እንዲወርድ አስተካከልኩ። በእርግዝና ጊዜ ደም የመርጋት ዕድሉ ስለሚጨምር ረጅም ሰዓት ሳይነሱ መቀመጥ አይመከርም። ባለቤቴ በየሁለት ሰዓቱ መኪናውን እያቆመ «ውረጂ፣ ተራመጂ» ይለኛል። የክትትል ካርዴንም ይዣለሁ። በአቅራቢያው ያለውን ሆስፒታል ልብሳችንን ሳንሸክፍ ነበር ያጣራነው።

ቤቱ ደስ ይላል። ግድግዳው በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ በጣም ወፍራም ነው። ያሳደሱት ሰዎች ሲሚንቶ አልነካኩትም፤ ጥሩ አድርገዋል። ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። ቀን ፀሐይ የመታው ድንጋይ ሙቀቱን ቀስ እያለ ስለሚለቅ ማታ ማታ ክፍሉ ለብ ይላል። በሩ ዝቅ ያለ ነው። ባለቤቴ በገባ በወጣ ቁጥር ግንባሩን ይመታል፣ እኔ እስቃለሁ።

ደረጃው ግን አላሳቀኝም። ጠባብ፣ ቀጥ ያለ፣ መደገፊያ የሌለው! የዱሮ ቤት ፎቶው ያምራል እንጂ ነፍሰ ጡርን አስቦ አልተሠራም። ሆድ ሲገፋ ሚዛን ይዛባል፣ መገጣጠሚያም ይላላል። ክርክር ሳናበዛ ፍራሹን ወደ ምድር ቤት አወረድነው። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛት ስለሚመከር ትራሶቹንም ሁሉ ወሰድኳቸው። ለእሱ የተረፈው የሶፋው መደገፊያ ነው።

ኔትወርክ የለም። መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም ስልካችንን ወደ መስኮት እያነሳን እንሞክር ነበር። ሲሰለቸን ማውራት ጀመርን። አባቱ ዝምተኛ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ እሱም እንደዚያ እንዳይሆን እንደሚፈራ ግን ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ብቻዬን የምሆንበት ጊዜ መጥፋቱ እንደሚያስጨንቀኝ ነገርኩት። ይህን ያልኩ ጊዜ ክፉ እናት የምመስለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «እኔንም ያስጨንቀኛል» ብሎ አረፈው።

ጽንሱ በመጨረሻዎቹ ወራት የውጭ ድምፅ ይሰማል። ባለቤቴ ግን ሆድ ማናገር ያሳፍረው ነበር። እዚያ የምድጃውን የአጠቃቀም መመሪያ አንሥቶ፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን ጎርነን አድርጎ ለሆዴ አነበበለት። «እሳቱ ሳይጠፋ አመዱን አይጥረጉ!» ልጁ ረገጠ። በጣም ኮራ!

ስንመለስ አንዳንድ ነገሮች ተወስነዋል። ከሥራው ፈቃድ ይጠይቃል። የሌሊቱን ተራ እንካፈላለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንግዳ እንዳይበዛ እሱ ለእናቱ ይነግራል፣ እኔ ለእናቴ። ስሙ ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ ያቀረበውን ሁሉ ጥያለሁ፣ እሱም የእኔን።